ሰዳቢን የሚቀልበው ማነው?

ጥያቄዬ አጭር ናት። እንግሊዛዊውን የቴሌቪዥን አቅራቢ ፒርስ ሞርጋንን ማን ነው የሚቀልበው? ወዳጆቹ አይመስሉኝም። እኔ የምለው፣ ሰውዬው የሚኖረው በሚጠሉት ሰዎች ነው።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እናንሳው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ማርች 8 ቀን 2021 ሞርጋን አይቲቪ ላይ የጠዋት ፕሮግራሙን እየመራ፣ የእንግሊዙ ልዑል ሃሪ ሚስት ሜገን ማርክል ለኦፕራ ከተናገረችው አንዲት ቃል እንኳ እንደማያምን ገለጸ። ሴትየዋ ራሷን ለማጥፋት አስባ እንደነበር የተናገረችው ሳይቀር። በማግስቱ የአየር ሁኔታ አቅራቢው አሌክስ ቤረስፎርድ እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ ፊት ለፊት ወቀሰው። ሞርጋን ብድግ ብሎ ወጣ። የዚያኑ ዕለት ከፕሮግራሙ መሰናበቱ ተሰማ።

ኦፍኮም ለሚባለው የብሮድካስት ተቆጣጣሪ ከ57 ሺህ በላይ አቤቱታ ጎረፈለት። መሥሪያ ቤቱ በአንድ ፕሮግራም ላይ ይህን ያህል ስሞታ ደርሶት አያውቅም። ታዲያ ሰውዬው ምን ሆነ? ምንም። እንዲያውም ጥሎ በወጣበት ጠዋት ፕሮግራሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የቢቢሲን የጠዋት ፕሮግራም በተመልካች ቁጥር በለጠ። ሴፕቴምበር ላይ ኦፍኮም ጣቢያው ደንብ እንዳልጣሰ ወስኖ ፋይሉን ዘጋ። በኤፕሪል 2022 ሞርጋን በራሱ ስም የሚጠራ ፕሮግራም ይዞ ቶክቲቪ ላይ ከች አለ። 57 ሺህ ሰው ማስታወቂያ በነጻ ሠራለት ማለት ነው።

ይህን ከለጠፍኩ በኋላ ክሩ ረዘመ። አቅጣጫውንም ሳተ። ላልተከታተላችሁት ነገሩ እንዲህ ነበር። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ ሐሳቡን በራሴ አነጋገር ነው የማወራው። ስድቡንም ቀነስ አድርጌዋለሁ።

መልስ 1። ከሊድስ የጻፈው ወንድማችን ጨዋ ነው። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ምስጋና፣ ከዚያ ሐሳብ። ቤቱ ቴሌቪዥን እንኳ እንደሌለው፣ የሞርጋንን ስም አንድ ቀን ፈልጎ እንደማያውቅ ነገረን። ሰውዬው ግን ስልኩ ላይ አልጠፋ ብሎታል። ስክሪኑ ለአራት ተከፍሎ አራት ሰው በአንዴ ይጮኻል፤ እሱ መሃል ሆኖ ጥያቄውን ይደጋግማል። ወንድማችን ለመዝጋት ሲሞክር እንኳ ጣቱ ስለሚነካው እንደተመልካች ሳይቆጠር እንደማይቀር ጠርጥሯል።

መልስ 2። እዚህ ላይ እርማት መጣ። ጸሐፊዋ የአንድ ቀን የተመልካች ቁጥር ምንም እንደማያሳይ አሳሰበችኝ። ያን ሳምንት ስለ ሜገን የሚያወራ ማንኛውም ፕሮግራም ተመልካች አያጣም ነበር። ስለ ቶክቲቪም ግማሹን ብቻ ማውራቴን ነቀሰች። የመክፈቻው ምሽት ከ300 ሺህ በላይ ሰው አይቶት በቀናት ውስጥ ቁጥሩ ማሽቆልቆሉን፣ በፌብሩዋሪ 2024ም ሞርጋን የማታውን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ትቶ ወደ ዩቲዩብ መሄዱን ጠቀሰች። ሰው በንዴት ቢመጣም በንዴት አይቆይም ባይ ናት።

መልስ 3 የኔ ነው። ወደ ዩቲዩብ መሄዱ ሽንፈት እንዳልሆነ ጻፍኩ። በኦክቶበር 2023 ከግብፃዊው ኮሜዲያን ባሴም ዩሱፍ ጋር ያደረገው ቃለ ምልልስ ከ20 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታይቷል። የትኛው የእንግሊዝ የማታ ፕሮግራም ነው ይህን ያህል የሚታየው? በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ከቶክቲቪ ባለቤት ከመርዶክ ድርጅት ወጥቶ ቻናሉን የራሱ አደረገው። ዩቲዩብ ላይ የኦፍኮም የቴሌቪዥን ደንብ አይከተለውም። አቤቱታ የሚጻፍበት አድራሻም አብሮ ቀረ።

መልስ 4። የአርሰናል ደጋፊ ነው፤ ሌላ ነገር አይታየውም። ሞርጋንን የሚያውቀው በአሰልጣኙ በቬንገር ጉዳይ ብቻ መሆኑን በኩራት ተናገረ። ሰውዬው እንደኛው መድፈኛ ሆኖ ሳለ ቬንገር እንዲባረር ለዓመታት ሲጎተጉት ኖረ። ቬንገር በ2018 ሲሄድ ምን እንዳገኘን ጠየቀ። እኔም አርሰናል ነኝና ይህችን ብዙ አልነካካትም።

መልስ 5። የማንቼ ደጋፊ ዝም አላለም። ኖቬምበር 2022ን አስታወሰን። ሮናልዶ ሞርጋን ፊት ተቀምጦ አሰልጣኙን ቴን ሃግን እንደማያከብር፣ ክለቡ እንደከዳው ዘረገፈ። ቃለ ምልልሱ ተላልፎ ሳምንት ሳይሞላ ሮናልዶና ዩናይትድ ተለያዩ። የኛ ሰው ጥፋቱን ሁሉ በሞርጋን ላይ ደፈደፈው።

መልስ 6 ቡድኑ ድሮም ፈርሶ እንደነበር ለማንቼው አስታወሰው። ከ7 እስከ 9 ያለውን ልዝለለው። ስለ ኳስ ነው፤ ስለ እናትም ጭምር።

መልስ 10። ከዶሃ ነው። ሾፌር ነው፤ ደንበኛ እየጠበቀ ኳስ በስልኩ ያያል። የእንግሊዝ የኳስ ፕሮግራም አቅራቢዎቹን ሪቻርድ ኪስንና አንዲ ግሬይን አነሳ። ሁለቱ በ2011 ስለ አንዲት ሴት መስመር ዳኛ በማሾፋቸው ጉድ ፈላ፤ አንዱ ከስካይ ተባረረ፣ ሌላው ራሱ ለቀቀ። እንግሊዝ አገር ሁሉም ነገር ያበቃላቸው መስሎ ነበር። ይህ ወንድማችን ግን ዶሃ ሲገባ ሁለቱን ቢኢን ስፖርት ላይ ሱፍ ለብሰው አገኛቸው። ለዓመታትም እዚያው ነበሩ። እሱ እንደሚለው እንዲህ ዓይነት ሰው ተባረረ ሲባል ተዛወረ ማለት ነው።

መልስ 11 የዶሃውን ሐሳብ ወደ ሞርጋን መለሰው። ሰውዬው ዴይሊ ሚረር የተባለውን ጋዜጣ ሲመራ በ2004 የእንግሊዝ ወታደሮች ኢራቃዊ እስረኛ ሲያሰቃዩ ያሳያሉ የተባሉ ፎቶዎች አወጣ። ፎቶዎቹ ሐሰት ሆነው ተገኙና ተባረረ። ከ2011 እስከ 2014 ሲኤንኤን ላይ ነበር። ከዚያ የጠዋቱ ፕሮግራም። በዲሴምበር 2023 አንድ ዳኛ በልዑል ሃሪ ክስ ላይ በሰጡት ፍርድ፣ ሞርጋን በሚረር ሳለ ስልክ እንደሚጠለፍ ያውቅ እንደነበር ገለጹ። እሱ አሁንም ይክዳል። መልስ ሰጪው በየጊዜው ከወደቀበት ከፍ ብሎ የሚነሳ ሰው ሌላ ሥራ ላይ አይቶ እንደማያውቅ ጨመረ።

መልስ 12። አጭር ናት፤ ማንም ልብ አላላትም። የኳስ ተንታኙ ሮይ ኪንስ? የሚል ጥያቄ ነው ፍሬ ነገሯ። ኪንም ይሳደባል፣ ኪንም ያስቆጣል። ግን ኪን የሚሳደበው ሁላችንም ባየነው 90 ደቂቃ ላይ ነው። ተከላካዩ አልሮጠም ካለ መልሰን አይተን ልንፈርድ እንችላለን። ሜገን ራሷን ልታጠፋ አስባ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ግን ሞርጋንም እኛም መልሰን የምናይበት ካሜራ የለንም። በዚህ ክር ላይ ከተጻፉት ሁሉ ጥሩ መለያ ያገኘሁት ከዚህችው ላይ ነው።

መልስ 13። ክሩ ከዚህ ላይ ተገለበጠ። አንዲት እህታችን እስካሁን ዝም ብላ ስታነብ ቆይታ፣ ስለ ኳስና ስለ ልዕልት ማውራታችን እንዳሰለቻት ጽፋ ጀመረች። ሜገን ቤተ መንግሥት ነበራት፣ ጠበቃ አላት፣ ኦፕራ አለቻት። እሷ የምታውቀው ሌላ ሳምንት ነው።

ኤፕሪል 2015 ደቡብ ለንደን ውስጥ አንዲት ትንሽ ሱቅ ትሠራ ነበር። ጋዜጣ፣ ሲጋራ፣ ወተት የሚሸጥበት። ጋዜጦቹ ገና ሳይነጋ በር ላይ ይጣላሉ፤ በፕላስቲክ ማሰሪያ ተጠፍንገው። የሷ የመጀመሪያ ሥራ ማሰሪያውን በቢላ በጥሶ እየቆጠሩ መደርደር ነው። ዘ ሳን ብዙ ስለሚሸጥ ከፊት ይቀመጣል። አርብ ኤፕሪል 17 ሁሌ የሚመጡ አንድ ጃማይካዊ አዛውንት ጋዜጣውን ገዝተው ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ከዚያ አንዱን ገጽ አጥፈው ባንኮኒው ላይ አኖሩላት። መልሳቸውን አልተቀበሉም፤ ጋዜጣውንም ጥለው ወጡ።

የጋዜጣው ዓምደኛ የኬቲ ሆፕኪንስ ዓምድ ነበር። በሜዲትራንያን የሚሻገሩትን ስደተኞች ከበረሮ የሚያመሳስል፣ በነፍስ አድን ጀልባ ፋንታ የጦር መርከብ እንዲላክ የሚመክር። እህታችን ሁለቴ አነበበችው። የአክስቷ ልጅ ያን ጊዜ ትሪፖሊ ውስጥ ተራውን እየጠበቀ ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ ሌሊት ከሊቢያ የተነሳችው መርከብ ሰጠመች። ከ800 በላይ ሰው ሞተ፤ የተረፉት 28 ናቸው። ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ ኤርትራውያን ነበሩ፤ የኛም ልጆች ነበሩበት። እሑድ ደግሞ አይሲስ ሊቢያ ውስጥ የገደላቸው የኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ቪዲዮ ወጣ። ቂርቆስ ድንኳን ተተከለ፤ አገሩ በሙሉ ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠ። እሷ ለንደን ሆና ትሪፖሊ ትደውላለች፤ ስልኩ አይነሳም። ሰኞ ጠዋት ጋዜጦቹ እንደ ልማዳቸው በር ላይ ተጥለው ጠበቋት። ዘ ሳንን እንዳትደረድር ባለ ሱቁን ለመነችው። ሰውዬው ቢላውን ተቀብሏት ራሱ ደረደረ።

ጥያቄዋም ይህ ነው። ለሜገን 57 ሺህ ሰው አቤት አለ። ለእነዚያ ማን አቤት አለላቸው? ብሎስ ቢሆን ምን ተገኘ?

መልስ 14። ለዚህ የመለሰላት ሕግ የተማረ ሰው ነው፤ ወይም እንደዚያ ይጽፋል። አቤት የተባለ መሆኑን በትሕትና ነገራት። ግን ጋዜጣ በኦፍኮም ሥር አይደለም። ጋዜጦቹ ራሳቸው በፈቃዳቸው የተቀላቀሉት ኢፕሶ የሚባል አካል አለ፤ ያን ጊዜ ከተቋቋመ ዓመት አልሞላውም ነበር። የኢፕሶ የአድልዎ አንቀጽ የሚጠብቀው አንድን ተለይቶ የታወቀ ግለሰብ ነው። ቡድንን አይጠብቅም። ስደተኞች ደግሞ ቡድን ናቸው። ስለዚህ በዚያ አንቀጽ የቀረበው አቤቱታ የትም አልደረሰም።

ከዚያ የቴሌቪዥን አቅራቢውን የጄረሚ ክላርክሰንን ጉዳይ አጠገቡ አስቀመጠልን። በዲሴምበር 2022 በዚያው በዘ ሳን ላይ ስለ ሜገን የጻፈው ዓምድ ከ25 ሺህ በላይ አቤቱታ አስነሳ። ጋዜጣው ጽሑፉን አነሳ፤ ክላርክሰንም ይቅርታ ጠየቀ። በጁን 2023 ኢፕሶ ጽሑፉ በጾታዋ ምክንያት እንዳንቋሸሻት ፈረደ። ለምን? ስም አላት። ያው ጋዜጣ፣ ያው ደንብ፤ ልዩነቱ ተሰዳቢው ስም ያለው መሆኑና አለመሆኑ ብቻ።

በሆፕኪንስ ላይም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። በ2017 ጃክ ሞንሮ ለተባለች ጸሐፊ 24 ሺህ ፓውንድ ካሣ እንድትከፍል ተፈረደባት፤ የጠበቃው ወጪ ከዚያ በብዙ በለጠ። ከዚያ በፊት በእሷ ጽሑፍ ሳቢያ ሜይል ኦንላይን በሐሰት አክራሪ ለተባለ አንድ ሙስሊም ቤተሰብ 150 ሺህ ፓውንድ ከፍሏል። በሜይ 2017 ከማንቸስተሩ ጥቃት በኋላ በጻፈችው ትዊት ኤልቢሲ ሬዲዮ አሰናበታት። በ2020 ትዊተር ዘጋባት። በ2021 አውስትራሊያ በኳራንቲን ደንብ ላይ ስላሾፈች አባረረቻት። ስለ በረሮው ዓምድ ግን አንድም ሳንቲም አልከፈለችም። በወቅቱ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ኮሚሽነር የነበሩት ዘይድ ራድ አል ሁሴን አነጋገሩን ከሩዋንዳ እልቂት በፊት ከነበሩት ሚዲያዎች ጋር አመሳስለው አውግዘዋል። ያ ውግዘት ነው፤ ቅጣት አይደለም።

ይቺን መልስ ደጋግሜ አንብቤያታለሁ። የኔ ጥያቄ ሰዳቢውን ማን ይቀልበዋል የሚል ነበር። የእህታችን ጥያቄ ሂሳቡ ለማን ይመጣል የሚል ነው። የሷ ይበልጣል። ሞርጋን ስለ ሜገን ሲለፈልፍ ሁለቱም አትራፊ የሆኑበት ጊዜ አለ። ጀልባ ላይ ያለው ልጅ ግን ስለ እሱ መወራቱን እንኳ አይሰማም።

መልስ 15። አንድ አዛውንት ናቸው፤ እዚህ መድረክ ላይ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ አንድ ማተሚያ ቤት ይሠሩ ነበር። የተለቀመውን ገጽ ይዘው ሳንሱር ወደሚደረግበት መሥሪያ ቤት ይሄዳሉ፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ማኅተም ይጠብቃሉ። አንዳንዴ አንድ አንቀጽ በቀይ ተሰርዞ ይመለሳል። ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ያንን ቦታ በምን እንደሚሞሉት እያሰቡ በእግራቸው ይመለሳሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚሞላው በመፈክር ነበር። የ1992ቱ የፕሬስ ሕግ ሳንሱርን ሲያስቀር የነበራቸውን ደስታ ዛሬም አልረሱትም። ስለዚህ ሆፕኪንስን ቢጠሏትም፣ መቶ ሆፕኪንስ መስማት አንድ ቀይ እስክሪብቶ ከመመለስ ይሻላቸዋል። ኦፍኮምም ሞርጋንን በነጻ ሲያሰናብት ከዚህ ብዙ የራቀ ነገር እንዳላለ አስታወሱን። ንግግሩ ሊጎዳ ይችላል፤ ነገር ግን እዚያው ፕሮግራም ላይ የተቃወሙት ሰዎች ስለነበሩ መከልከሉ የባሰ ነው ብሏል።

መልስ 16 ጋሼን ያላከበረ ነበር። ልጁ ሩዋንዳ ላይ የጠፋው ሳንሱር ሳይሆን ማይክሮፎን የሚነጥቅ ሰው መሆኑን ጻፈ። እዚህ ድረስ ደህና። የሩዋንዳው የሚሌ ኮሊን ሬዲዮ ሰውን በነፍሳት ስም እየጠራ የሚገደሉትን ሲጠቁም የሚቃወም ሰው ስቱዲዮው ውስጥ እንዳልነበረ ጨመረ። በ2003 አሩሻ የነበረው ፍርድ ቤት ከመሥራቾቹ ሁለቱንና አንድ የጋዜጣ አዘጋጅ ጥፋተኛ ሲል ሰው ካለቀ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር። ይህም እውነት ነው። ግን ከዚያ ወርዶ ጋሼ ዕድሜያቸው ስለገፋ ያለፈውን ብቻ እንደሚያዩ፣ ዛሬ ስለ ስልክ የሚያውቁት ነገር እንደሌለ ዘረገፈ።

መልስ 17 ልጁን ቆጣ አደረገችው። መልስ 18 ደግሞ ሁለቱንም ሰደበ። መልስ 19 ላይ ጋሼ ራሳቸው መጡ። አልተቀየሙም። ልጁ ስለ ሩዋንዳ የተናገረው ትክክል መሆኑን፣ ነገር ግን ያ ሬዲዮ መንግሥትን የሚቃወም ሳይሆን ከመንግሥት ሰዎች ጋር እጅና ጓንት የነበረ መሆኑን አስረዱት። ቀዩን እስክሪብቶ የያዘውም ማይክሮፎኑን የያዘውም አንድ ሰው ሊሆን ይችላል ባይ ናቸው። ልጁ አልመለሰም። ላይክ ግን አድርጓል፤ አይቼዋለሁ።

መልስ 20። ስለ እንግሊዞች ይህን ያህል መጨነቃችን የገረመው ሰው ነው። የራሳችን ሰዳቢዎች ሞልተው ተርፈዋል ባይ ነው። ከሜሪላንድ ምድር ቤት፣ ከለንደን መኝታ ክፍል፣ ከአዲስ አበባ ስቱዲዮ። ሕጉማ እኛ ዘንድ አለ። የ2020ው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 እንደ ኢፕሶ ስም ያለው ሰው አምጡ አይልም። በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት የሚታወቅ ቡድንንም ይጠብቃል። እስከ ሁለት ዓመት እስር ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ቅጣት አለው፤ ንግግሩ ጥቃት ካስከተለ እስሩ እስከ አምስት ዓመት ይደርሳል። ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨትም የራሱ ቅጣት አለው። ታዲያ ወረቀቱ ላይ ከእንግሊዞቹ እንሻላለን። ሜሪላንድ ያለውን ሰው ግን ማን ይዞ ያመጣዋል?

መልስ 21 በዚህ አልተስማማም። ሕጉ የሚይዘው ሰዳቢን ሳይሆን መንግሥት ያልወደደውን ሰው ነው የሚል እምነት አለው። ሂዩማን ራይትስ ዎች ገና ረቂቁን ሲያይ ይህንኑ ስጋት ማሰማቱን ጠቀሰ። ጋሼ ሳይስቁ አልቀሩም።

መልስ 22። ከሪያድ ናት፤ ሰው ቤት ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ክፍሏ ስትገባ ቲክቶክ ላይቭ ትከፍታለች። ሁለት አበሾች ስክሪኑን ለሁለት ተካፍለው ይሰዳደባሉ። ማን እንዳሸነፈ የሚለየው በስጦታ ነው። ታፕ ታፕ እያደረገች ትስቃለች። ሮዝ ትልካለች፤ አንዳንዴ ከሮዝም ከፍ ይላል። ያን ጊዜ ላይቩ ላይ ያለው ሰው ስሟን ጠርቶ ያመሰግናታል። በዚያ ቤት ውስጥ ስሟን የሚጠራት ሰው እንደሌለ አከለችበት። ማዳሟም ልጆቹም የሚጠሯት ያወጡላትን ስም ነው። እንግዲህ እኛ ሊድስና ለንደን ተቀምጠን ሰዳቢውን የምትቀልቡት እናንተ ናችሁ ብንላት ምን እንደምትመልስልን እናውቀዋለን። ገንዘቡ የኔ ነው አለችን፤ ደስታውም የኔ ነው።

መልስ 23 እሷን መምከር ጀመረ። በዚያ ብር ለእናቷ ምን ልትልክ እንደምትችል ይዘረዝራል። መልስ 24 እስከ 26 ድረስ ሴቶቹ ተባብረው አባረሩት። እኔም ደስ አለኝ፤ ማንም አልጠየቀውም።

መልስ 27። ይህኛው ለአንድ የአማርኛ ዩቲዩብ ቻናል ቪዲዮ የሚያቀናብር ልጅ ነው። የቻናሉን ስም አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅነውም። የሚከፈለው በቪዲዮ ነው። አሰሪው ከካሜራ ውጭ ድምፁ የማይሰማ፣ ቡና ሲቀርብለት ሁለት ጊዜ የሚያመሰግን ሰው ነው። ካሜራው ሲበራ ግን ጠረጴዛ ይመታል። አንድ ቀን ሰላምታውን ሦስት ጊዜ ቀረጹት፤ የመጀመሪያው ደህና ሰው ይመስላል ተብሎ ተጣለ። ልጁ ሥራው በአብዛኛው ከሽፋኑ ምስል ጋር ነው። የተከፈተ አፍ፣ ቀይ ቀስት፣ ከጥግ ላይ የሚያለቅስ ሰው፣ ከላይ ጉድ የሚል ጽሑፍ። አንዴ አንድን ጥሩ ቃለ ምልልስ ያለ ቀስትና ያለ ጉድ ለቀቁት። ማንም አልነካውም። በሳምንቱ ያንኑ ቪዲዮ ቀስት ጨምረው፣ ርዕሱን ቀይረው መልሰው ጫኑት፤ አስተያየቱ ጎረፈ። ግማሹ አስተያየት ርዕሱ ውሸት ነው የሚል ነበር። አሰሪው እሱንም በጥሩ ዓይን ነው ያየው። ሰው ለመሳደብም ቢሆን ቆሞ ይጽፋል፤ ቪዲዮው እስከዚያ ይሽከረከራል።

መልስ 28። የሊድሱ ጨዋ ተመልሶ መጣ። ልጁ ይህን ሁሉ እያወቀ ለምን እንደማይተወው ጠየቀው፤ እንደ ክስ አይደለም፣ እንደ ታላቅ ወንድም።

መልስ 29። ልጁ አልተቆጣም። የቤት ኪራይ አለበት። ጥሩ ሥራ ቢያገኝ ነገ ይወጣል። የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበር እንደሚችል፣ የራሱ ላፕቶፕ እንዳለው ጻፈ።

መልስ 30። አንድ ሰው እህታችንን የአክስቷ ልጅ እንዴት እንደሆነ ጠየቃት። በመልስ 31 ጀርመን መግባቱን፣ ሁለት ልጆች መውለዱን ነገረችን። ያን ሳምንት ስልኩን የወሰዱበት ደላሎቹ ነበሩ። ስለ ዓምዱ ነግራው አታውቅም።

መልስ 32 እንደገና ስለ አርሰናል ነው።

መልስ 33። የሊድሱ ሰው ሠርግ የሚቀርጽ ጓደኛ ለንደን ውስጥ እንዳለው ጻፈ። ከፋሲካ በኋላ ሥራ ስለሚበዛበት የሚያግዘው ሰው ይፈልጋል። ልጁ ሁለት ሦስት የሠራቸውን ነገሮች በውስጥ መስመር እንዲልክለት ነግሮታል፤ ቀስት የሌለባቸውን።